መዝገቡና ሚዛኑ አልስማማ ሲሉ፦ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ላለባቸው ታካሚ የሚደረግ የነርስ እንክብካቤ

ጥያቄ፦ ከውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ ውስጥ ደዌ ተዛውሬ መሥራት ከጀመርኩ ገና አራት ወር ቢሆነኝ ስለሆነ፣ ለብዙዎቻችሁ ቀላል የሚመስለውን ነገር ብጠይቅ እንደማትታዘቡኝ ተስፋ አደርጋለሁ። በክፍላችን የተኙ አንድ አዛውንት ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመማቸው አምስተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል፤ ማለትም ኩላሊታቸው ደም የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ15 ሚሊ ሊትር በታች ወርዷል፤ እጥበት (ደምን በማሽን የማጣራት ሕክምና) ግን ገና አልጀመሩም። የተኙት በሳንባ ኢንፌክሽን ምክንያት ሲሆን፣ አንቲባዮቲክ በቀን አራት ጊዜ በደም ሥር ይሰጣቸዋል፤ ሐኪሙም በቀን ከ1 ሊትር በላይ ፈሳሽ እንዳይወስዱ አዟል።

ግራ ያጋባኝ ነገር ይህ ነው። የፈሳሽ መመዝገቢያውን ስደምረው፣ በሦስት ቀን ውስጥ የገባው ከወጣው የሚበልጠው በ300 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ክብደታቸው ግን በእነዚሁ ሦስት ቀናት ከ61 ወደ 64 ኪሎ ግራም ወጥቷል። ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቴ ስጫነው የተጫንኩበት ቦታ ጎድጉዶ ይቀራል፤ ማታ ማታም ሦስት ትራስ ካልደረቡ በቀር መተኛት አቅቷቸዋል። የሚመዝኗቸው ተረኞች ስለሚለያዩ ሚዛኑን መጠርጠር ይቀናኛል፤ ነገር ግን እብጠቱም ትንፋሹም ከሚዛኑ ጋር ወግነውብኛል። ከሁለቱ የትኛውን ልመን?

ሌላው የሚያስጨንቀኝ ጥሙ ነው። አባት በየሰዓቱ ውኃ ይለምኑኛል፤ እኔም በከለከልኳቸው ቁጥር ነርስነቴ ቀርቶ ዘበኛ የሆንኩ ያህል ይሰማኛል። ትናንት ማታ የምታስታምማቸው ልጃቸው የውኃ ኮዳ በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ስትገፋ አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኩ፤ ትክክል እንዳልሠራሁ አውቃለሁ።

በመጨረሻም፣ በግራ ክንዳቸው ክርን መታጠፊያ ላይ ካኑላ (መድኃኒት የሚሰጥበት፣ በደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) ገብቶላቸዋል። አንዲት አንጋፋ ባልደረባዬ ይህን ስታይ «የዚህን ሰው ክንድ ማን ነካው?» ብላ በጣም ተቆጣች፤ ምክንያቱን ሳትነግረኝ ግን ፈረቃዋ አልቆ ሄደች። ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከእጥበት ክፍል ነርስ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ወደ ጥያቄዎ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም፤ በሦስት ቀን 3 ኪሎ የጨመሩና ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ታካሚ የእኛን መልስ መጠበቅ የለባቸውም። ቀና አድርገው ያስቀምጧቸው፤ የትንፋሽ ብዛታቸውን፣ የኦክስጅን መጠናቸውንና የደም ግፊታቸውን ይለኩ፤ ከጀርባቸው የሳንባቸውን የታችኛውን ክፍል ያዳምጡ፤ ከዚያም የክብደቱን ቁጥር በእጅዎ ይዘው ለተረኛው ሐኪም አሁኑኑ ይደውሉ። ለሐኪም «አብጠዋል» ከማለት «በሦስት ቀን 3 ኪሎ ጨምረዋል፣ ትራሳቸው ሦስት ደርሷል» ማለት ብዙ ነገር ያፋጥናል።

ከሁለቱ የትኛው ይታመን ለሚለው ጥያቄ፣ ሥርዓቱን ጠብቆ እስከተመዘነ ድረስ እኔ የማምነው ሚዛኑን ነው። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በሦስት ቀን ውስጥ 3 ኪሎ ሥጋ የሚያበጅ ሰው ደግሞ የለም። ሥርዓቱ የሚባለውም አስቸጋሪ አይደለም፦ ጠዋት፣ ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ከመቅረቡ በፊት፣ በዚያው ሚዛን፣ በዚያው ቀለል ባለ ልብስና ያለ ጫማ መመዘን ነው። ክፍላችሁ ሁለት ሚዛን ካለው በየትኛው እንደተመዘኑ በቻርቱ ጠርዝ ላይ ይጻፍ፤ ሁለት ሚዛኖች በአንድ ኪሎ ሲለያዩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁና።

መዝገቡ ግን በብዙ ቀዳዳ ያፈሳል። የመጀመሪያው ቀዳዳ እኛው ራሳችን የምንሰጠው ፈሳሽ ነው። አንቲባዮቲኩ በቀን አራት ጊዜ የሚሰጠው በ100 ሚሊ ሊትር ሳላይን ተበጥብጦ ከሆነ፣ በየቀኑ 400 ሚሊ ሊትር እየገባ ነው፤ ይህም በመድኃኒት መስጫው ቅጽ ላይ ብቻ ተፈርሞ በፈሳሽ መመዝገቢያው ላይ ሳይጻፍ የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል። ከውኃው ይልቅ የሚከፋው ደግሞ ጨው ነው። ሳላይን በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.9 ግራም ጨው ስለሚይዝ፣ አራቱ ከረጢቶች 3.6 ግራም ጨው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳ በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን የሚመክረውን ጨው፣ አባት ምግብ ሳይቀምሱ አብዛኛውን በክንዳቸው ወስደውታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ ብርጭቆ ነው። መዝገቡ ላይ «አንድ ብርጭቆ፣ 200» ተብሎ ይጻፋል፤ ብርጭቆው ግን ስንት እንደሚይዝ የለካው ሰው የለም። በመለኪያ ሲሊንደር አንድ ጊዜ ውኃ ሞልተው ይለኩትና በፕላስተር ላይ ጽፈው ይለጥፉበት። ሾርባ፣ ወተት፣ ክኒን የሚዋጥበት ውኃ፣ የሚመጠጥ በረዶ ሁሉ ይቆጠራል፤ በረዶ ሲቀልጥ ከመጠኑ ግማሽ ያህል ውኃ ይሆናል ብለን ነው የምንይዘው። ሦስተኛው ቀዳዳ የሌሊት ሽንት ነው፤ በሲሊንደር ሳይለካ «ሁለት ጊዜ ሸንተዋል» ተብሎ የሚጻፈውና ጠዋት ላይ ለቁጥሩ ቦታ እንዲሞላ በግምት 400 የሚባለው። ይህንን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም በአዳር ተረኛነቴ ዘመን ስንት ጊዜ እንዳደረግኩት አውቀዋለሁ።

ስለ ጥሙ ሲነሳ፣ ውኃ ከመቀነስ በፊት ጨው መቀነስ ይቀድማል። በደም ውስጥ ጨው ሲበዛ አንጎል ውኃ ያስጠይቃል፤ ጨው ሳይቀነስ ውኃ ብቻ የተከለከለ ታካሚ ትእዛዙን ቢጥስ ሰውነቱ አስገድዶት እንጂ እልኸኛ ሆኖ አይደለም። የስኳር ሕመም ካለባቸው ደግሞ የደም ስኳራቸውን ይመልከቱ፤ ከፍ ያለ ስኳር ራሱ ያስጠማል። ኦክስጅን የሚወስዱ ከሆነ አፍ ያደርቃልና የእርጥበት ማሰሮው ውኃ እንዳለው ያረጋግጡ። ከዚህ በኋላ በየሁለት ሰዓቱ አፍ አጉመጥምጦ መትፋት፣ ከንፈር በቅባት ማለስለስ፣ በትንሽ ሲኒ መጠጣት፣ ክኒኖችን ከምግብ ጋር አንድ ላይ መዋጥ የመሳሰሉት ይረዳሉ።

ኮዳውን ግን ከአልጋው ሥር አውጥተው ለልጃቸው በእጃቸው ይስጧቸው። ጠዋት የቀኑን ድርሻ፣ ከመድኃኒቱ ፈሳሽ የተረፈውን፣ በዚያው ኮዳ ለክተው ይሙሉላቸውና መዝገቡን አብረዋቸው ይያዙ። አስታማሚ ሲደብቅ መዝገቡ ይሞታል፤ አስታማሚ ሲቆጥር ግን ከሦስት ተረኛ ነርስ ይበልጣል።

መልስ፦ ከፋርማሲ ባለሙያ

ከላይ በተሰጠው መልስ ላይ የምጨምረው ነገር አለኝ። ፈሳሹን ብቻ ሳይሆን «በቀን አራት ጊዜ» የሚለውንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ አንቲባዮቲኮች ከሰውነት የሚወጡት በኩላሊት ስለሆነ፣ የማጣራት አቅሙ ከ15 በታች በሆነ ሰው ላይ ወይ መጠናቸው ይቀንሳል፣ ወይ ከአንዱ መስጫ ሰዓት እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ ይራዘማል። ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም፤ ሴፍትሪያክሶንን የመሰለው በጉበት በኩልም ስለሚወጣ አብዛኛውን ጊዜ ማስተካከያ አይጠይቅም። ስለዚህ የመድኃኒቱን ስምና የመጨረሻውን የክሬቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤት ይዘው ወደ ፋርማሲያችሁ ይሂዱ። ትእዛዙ የተጻፈው በድንገተኛ ክፍል፣ የላቦራቶሪ ውጤት ከመድረሱ በፊት ከሆነ ደግሞ ማንም መልሶ ሳያየው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የሚሰጠው ቁጥር ሲቀንስ ጨውና ውኃው አብሮ ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ በሲሪንጅ በዝግታ ሊሰጥ የሚችል ዓይነት ከሆነም ከረጢቱ ጨርሶ ይቀራል።

ነገር ከተነሳ አይቀር፣ የእኒህን አባት የአልጋ አጠገብ መሳቢያ ይክፈቱት ብል ድፍረት አይሁንብኝ። በእኔ እይታ ኩላሊትን የሚጎዳው መድኃኒት በአብዛኛው ያለው በቻርቱ ላይ ሳይሆን በመሳቢያው ውስጥ ነው። ለጉልበት ሕመም የሚወሰዱ እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ፤ ጨውና ውኃም እንዲቋጠር ያደርጋሉ፤ የክብደቱ መጨመር አንዱ ምክንያት እርሱ ሊሆን ይችላል። ማግኒዚየምና አሉሚኒየም ያለባቸው የጨጓራ መድኃኒቶች፣ ለሆድ ድርቀት የሚሰጠው የፎስፌት ኢኒማ፣ እንዲሁም «ለግፊት ታማሚ ተስማሚ» ተብለው የሚሸጡ የጨው ምትኮች አደገኞች ናቸው፤ የጨው ምትክ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ የታመመ ኩላሊት ደግሞ ፖታሲየምን በሚገባ አያስወጣም።

ስለ ፖታሲየም አንድ ነገር ብቻ ልበልና ላብቃ። ውጤቱ ከፍ ብሎ ሲመጣ ናሙናው ሲቀዳ ቀይ ሴሎቹ ተሰባብረው፣ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ፈስሶ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ነገር ግን ድጋሚ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ሳይነሳ መጠበቅ አይገባም። ካልሲየም ግሉኮኔት ልብን ይጠብቃል እንጂ ፖታሲየሙን አያወርድም፤ የሚያወርደው ከግሉኮስ ጋር የሚሰጠው ኢንሱሊን ነው። የታመመ ኩላሊት ደግሞ ኢንሱሊንን ቶሎ ስለማያስወግድ፣ ኢንሱሊኑን ከሰጣችሁ በኋላ የደም ስኳር ለስድስት ሰዓት ያህል በየሰዓቱ መለካት አለበት። ፖታሲየሙ ተስተካክሎ ታካሚው ግን በስኳር ማነስ ራሱን ስቶ የተገኘበትን ሌሊት አስታውሳለሁ።

መልስ፦ ከታካሚ

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት እጥበት የማደርግ ሰው ነኝ። ስለ ክንዱ የተነሳውን ጥያቄ ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ጻፍኩ።

እጥበት ከመጀመሬ በፊት በአንድ ሆስፒታል ለሳምንታት ተኝቼ ነበር። ግራ ክንዴ ላይ ካኑላ ያልገባበት ቦታ አልነበረም፤ አንዱ ሲያብጥ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ደምም የሚቀዳው ከዚያው ክንድ ነበር። ማንም ለክፋት አላደረገውም፤ የግራ ክንዴ ሥሮች ጎላ ጎላ ስለሚሉ ቀላሉ መንገድ እርሱ ነበር። በኋላ ፊስቱላ (ለእጥበት መርፌ መግቢያ እንዲሆን የክንድ ደም ቅዳና ደም መልስ በቀዶ ሕክምና የሚገናኙበት) ሊሠራልኝ ቀዶ ሐኪሙ ክንዴን አስሮ ሲዳስስ ቆየና፣ ሥሮቹ እንደ ገመድ ደርቀዋል አለኝ። በዚህም ምክንያት ለወራት እጥበት ያደረግኩት አንገቴ ሥር በገባ ቱቦ (ካቴተር) ነው፤ ሁለት ጊዜም በካቴተሩ በኩል ደሜ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ብርድ ብርድ እያለኝ ተመልሼ ተኝቻለሁ። በመጨረሻ ፊስቱላው በቀኝ ክንዴ፣ በምጽፍበት እጄ ተሠራ። አሁን ጣቴን ሳሳርፍበት በክንዴ ውስጥ ንብ የገባ ያህል ይነዝራል፤ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ከሁሉ አስቀድሜ የማደርገው እርሱን መዳሰስ ነው፤ ንዝረቱ የጠፋ ዕለት ሳልውል ሳላድር ወደ እጥበት ክፍሌ መሄድ እንዳለብኝ ተነግሮኛል።

ስለ ጥሙም አንድ ቃል ልጨምር። እኔን የከበደኝ ውኃው ማነሱ አልነበረም፤ ስንት እንደቀረኝ ሳይነገረኝ «አይቻልም» መባሌ ነበር። በኋላ አንዲት ነርስ የቀኑን ውኃዬን ለክታ በጠርሙስ ሰጠችኝና «ይህ የእርስዎ ነው፤ መቼ እንደሚጠጡት እርስዎ ያውቃሉ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሌሊት እያስተረፍኩ መጠጣት ለመድኩ።

መልስ፦ ከእጥበት ክፍል ነርስ

ወንድሜ የጻፉት እኔ ልጽፈው ካሰብኩት ሁሉ የበለጠ ስለሚያስረዳ፣ ለጠያቂዋ አሠራሩን ብቻ ልጨምር። የኩላሊት ሕመሙ አራተኛና አምስተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ታካሚ፣ እጥበት ቢጀምርም ባይጀምርም፣ ከአንጓ እስከ ክርን ድረስ ያለው የክንዱ ሥር የወደፊት ሕይወቱ ማለት ነው። በተለይ የማይጽፍበት እጅ ክንድ አይነካም። ደም የሚቀዳውም ካኑላ የሚገባውም ከእጅ ጀርባ ነው። ፊስቱላ ከተሠራ በኋላ ለመርፌ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ሳምንት በላይ ስለሚወስድ፣ ዛሬ የተበላሸ ሥር የሚያስከፍለው ዋጋ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ በሌላ ክፍል ነው፤ ባልደረባዎ የተቆጡትም ለዚህ ይመስለኛል። ፊስቱላ ባለበት ክንድ ላይ ደግሞ የደም ግፊት አይለካም፤ መርፌም የሚነካው የእጥበት ነርስ ብቻ ነው። «ከዚህ ክንድ ደም አይቀዳም፣ ግፊት አይለካም» ብለው በትልቁ ጽፈው ከአልጋው ራስጌ ይለጥፉ፤ የላቦራቶሪ ባልደረቦቻችን ቻርት ከፍተው አያነቡምና።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን መልስ እንዳነበብኩ ለሐኪሙ ደውዬ ነበር፤ መጥቶ ካዳመጣቸው በኋላ ሽንት የሚያበዛውን ፉሮሴማይድ በደም ሥር አዘዘላቸው፤ ከዚያም መዝገቡን ቁጭ ብዬ መረመርኩት።

የአንቲባዮቲኩ ከረጢቶች እንደተባለው በመድኃኒት ቅጹ ላይ ተፈርመው በፈሳሽ መመዝገቢያው ላይ አንዳቸውም አልተጻፉም፤ በሦስት ቀን 1.2 ሊትር ማለት ነው። ብርጭቆውን በሲሊንደር ስለካው 330 ሚሊ ሊትር ያዘ፤ እኛ ግን አምስቱንም ብርጭቆ 200 እያልን በቀን 1 ሊትር ስንጽፍ ከርመናል፤ በዚህ ብቻ በሦስት ቀን ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ጠፍቶብናል። የሌሊቱ ሽንት በሁለቱ ሌሊቶች በተመሳሳይ 400 ተብሎ መጻፉን ሳይ ደግሞ የማንን መልስ እንዳስታወስኩ ታውቃላችሁ። መሳቢያውን በፈቃዳቸው ከልጃቸው ጋር ከፍተን የዳይክሎፌናክ ክኒን አገኘን፤ ለጉልበታቸው ማታ ማታ ይወስዱ ኖሯል፤ ማንም ስላልጠየቃቸው አልተናገሩም። ሐኪሙ እርሱን አስቁሞ በፓራሲታሞል ተካው፤ ከፋርማሲ ጋር ተነጋግሮም አንቲባዮቲኩን በቀን ሁለት ጊዜ በሲሪንጅ በዝግታ እንዲሰጥ አደረገ። ካኑላውን አንስቼ በቀኝ እጃቸው ጀርባ ላይ ተካሁት።

ልጃቸው አሁን የራሷ ደብተር አላት፤ ትናንት የጻፍኩትን ቁጥር በ50 ሚሊ ሊትር አርማኛለች። ዛሬ ጠዋት ክብደታቸው 62.2 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ትራሳቸውም ሁለት ሆኗል።

መልስ፦ ከእጥበት ክፍል ነርስ

እሰየው! አሁን ደግሞ ጥንቃቄው ወደ ሌላኛው ወገን ይዞራል። ክብደቱ በቀን ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ቢወርድ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሮጥ ከሆነ ግን ኩላሊታቸው ላይ የቀረችውን ጥቂት አቅም ማድረቅ ይሆናል። የደም ግፊታቸውን ተኝተውና ቆመው ይለኩት፤ ከአልጋ ሲነሱ ቀስ ብለው፣ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው እንዲነሱ ይንገሯቸው፤ የፖታሲየምና የክሬቲኒን ውጤት በየዕለቱ እንዲታይ ያሳስቡ። በደም ሥር የሚሰጠውን ፉሮሴማይድ በደቂቃ ከ4 ሚሊ ግራም በላይ አይግፉት፤ ፈጥኖ ሲገባ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፤ «ጆሮዬ ይጮኻል» ካሉ ወዲያው አቁመው ለሐኪሙ ይንገሩ። ከመውጣታቸው በፊት ትራስ ሳይደርቡ የተኙበትንና እብጠቱ የጠፋበትን ዕለት ክብደት በመውጫ ወረቀታቸው ላይ ያስጽፉ፤ እጥበት ሲጀምሩ እኛ ክፍል መጀመሪያ የምንጠይቃቸው እርሱን ነው።